ሳላነባት ያለፍኳት ገጽ

ባለፈው ሐሙስ እዚህ አሜሪካ፣ ሬኒየር ቢች ጣቢያ ባቡር ስጠብቅ አንዲት አሮጊት መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ዝናብ የመታው የሱፍ ካፖርታቸው የብል መድኃኒት ይሸታል። ሌላ ሰው ቢሆን ፈንጠር ብሎ ይቀመጥ ነበር። እኔ ግን ባቡሬ መጥቶ፣ በሩን ከፍቶ፣ ዘግቶ ሲሄድ ካለሁበት ንቅንቅ አላልኩም። ወዲያው ደግሞ መቀመጥ አቃተኝና ተነሥቼ ጣቢያውን ከዳር እዳር ስመላለስበት ቆየሁ። ያ የሚስ ዶሮቲ ቤት ሽታ ነው። የካፒቴን ኢዝራ ደብዳቤዎች የተቀመጡባቸው ሣጥኖች እንዲህ ነበር የሚሸቱት።

ዓመተ ምሕረቱን ጠይቃችሁ አታስጨንቁኝ። ዛሬ ባቡሩ የሚሄድበት ጎዳና ገና ተቆፍሮ፣ ብርቱካንማ በርሜል ተደርድሮበት፣ እግረኛው በጣውላ ላይ ይሻገር የነበረ ጊዜ ነው። አምስት ዶላር የስልክ ካርድ ገዝቼ፣ ጀርባዋን በሳንቲም ፍቄ፣ ደሴ ካለችው እህቴ ጋር ሰላምታ እንኳ ሳልጨርስ «አንድ ደቂቃ ይቀርዎታል» የምትል ሴት ትገባብን ነበር። ወጣቶቹ መሬት የሚጠርግ ሱሪ ይለብሳሉ። ሬኒየር ጎዳና ጥግ ላይ ያለችው የሐበሻ ሱቅ ካሴቶቿን ወደ ኋላ ገፍታ ሲዲ መደርደር ጀምራ ነበር፤ ባለቤቱ ግን ደንበኛ በገባ ቁጥር የሚያስጮኸው ያንኑ የለመደውን ካሴት ነው፤ አንዱ ዘፈን ላይ ክሩ ተጎድቶ ዘፋኙ እንደ ሰካራም ይጎትት ነበር፣ እኛም በዚያው ለምደነው አብረን እንጎትታለን። የአውቶቡስ ትራንስፈር የምትባል፣ አንዴ ከፍለው ሌላ አውቶቡስ የሚቀይሩባት ብጣሽ ወረቀት ነበረች፣ ቀለሟ በየቀኑ የሚቀያየር። ኪሴ ሁልጊዜ በሷ የተሞላ ነው፤ አንድ ቦታ የማልረጋ ሰው ነበርኩና። በሦስት ዓመት ውስጥ ፓርኪንግ ጠብቄያለሁ፣ አየር ማረፊያ የአረጋውያን ጋሪ ገፍቻለሁ፣ ሬንተን መጋዘን ውስጥ ካርቶን አሽጌያለሁ። ሠላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው መሆኔን እያሰብኩ ከአንዱም ሳልስማማ እወጣለሁ። ባለቤቴ አስናቀች «አንተ ሰውዬ፣ ወንበር ይዋጋሃል እንዴ?» ትለኝ ነበር።

በመጨረሻ አረጋውያንን በየቤታቸው የሚረዳ ሠራተኛ የሚቀጥር አንድ ኤጀንሲ ወደ ሾርላይን ላከኝ። ሁለት አውቶቡስ፣ አንድ ሰዓት ከሩብ። ሚስ ዶሮቲ ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ረዥም፣ አጥንታም ሴት ነበሩ። ዓይናቸው መሐሉ ጠፍቶ ዳር ዳሩን ብቻ ነው የሚያይላቸው፤ ስለዚህ ሰው ሲያናግሩ ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረው ነው። ኤጀንሲው «ተቀምጠው እንዲያርፉ አድርግ» ብሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ከሳሎን ወደ ጓሮ፣ ከጓሮ ወደ ምድር ቤት፣ ግድግዳ እየዳሰሱ ሲዞሩ ነው የሚውሉት። እንደ እኔው ወንበር የሚዋጋቸው ሰው አገኘሁ።

የሚያዞራቸው አንድ ጉዳይ ነበር። የእናታቸው አያት፣ ካፒቴን ኢዝራ፣ በአሜሪካ የሰሜንና የደቡብ ጦርነት የተዋጉ መኮንን፣ ኋላም የእንጨት መሰንጠቂያ ባለቤትና የሕግ አውጪ ምክር ቤት አባል ነበሩ። እኚህ ሰው ለእህታቸው ለሊድያ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጻፏቸው ደብዳቤዎች እህትየው ሲሞቱ ወደ ቤተሰቡ ተመልሰዋል። ሦስት ሣጥን ሙሉ። ሚስ ዶሮቲ ከሞት በፊት የሰውዬውን የሕይወት ታሪክ ጽፈው ለዘመድ ሊያድሉ ፈልገዋል፤ ዓይናቸው ግን ከዳቸው። በሥራዬ ሁለተኛ ሳምንት የወንድማቸው ልጅ ብራያን መጣ። ቤት ሻጭ ነው፣ አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ጫማው የሚያበራ። አንዱን ደብዳቤ ወደ መብራት አስጠግቶ ይታገላል።

«‹ውድ እህቴ ሊድያ፣ ዛሬ...› ምንድን ነው ይሄ? ትል ነው እንዴ ወረቀቱ ላይ የሄደው?»

እኔ መስኮት እየወለወልኩ ነበር። በትከሻው በኩል አየሁትና ሳላስበው አመለጠኝ። «‹ዛሬ በቅሎዋ ጂንጀር ወንዙን አልሻገርም ብላ አስቸገረችን› ነው የሚለው።»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ሚስ ዶሮቲ እንደ ልማዳቸው ወደ ጎን።

«ይህን የት ተማርክ?» አሉኝ።

«ደሴ።»

«ደሴ የት ነው?»

«ሩቅ ነው፣ ማዳም።»

ፊደሎቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚሄዱበትን ያንን ጽሕፈት ያስተማረን አንድ የሕንድ መምህር ነው፤ ጅራቷን ያልጠመዘዝናት ፊደል ብትገኝ ጣታችንን በማስመሪያ ጫፍ ይመታን ነበር። እኔም በተራዬ ለስንቱ ተማሪ አስተማርኩት። አሜሪካ ከገባሁ ወዲህ አስተማሪነቴ የጠቀመኝ ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ማንበብ ሆነ። እኔ አነባለሁ፣ ሚስ ዶሮቲ ክፍሉን እየዞሩ ያዳምጣሉ፣ ደስ ያላቸውን «እሱን ጻፈው» ይሉኛል። ከሰዓት በኋላ ሁለታችንም እየዞርን፣ ወረቀቱ በእጄ፣ እሳቸው ክንዴን ይዘው፣ በሳሎኑ ውስጥ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄድን እንጃ።

ካፒቴኑም እንደ እኛው አንድ ቦታ የማይረጉ ነበሩ። ኦሃዮ የኮርቻ ሰፊ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ጦርነቱ ሲነሣ በሃያ ሁለት ዓመታቸው ዘመቱ፤ ካፒቴን የሆንኩት ጎበዝ ሆኜ አይደለም፣ ከእኔ በላይ ያሉት ሁሉ ስላለቁ ነው ብለው ለእህታቸው ጽፈዋል። ጭናቸውን በጥይት ተመትተው ቤት ገቡ። ከአባታቸው ጋር ኮርቻ ሊሰፉ ሞከሩ፣ ስድስት ሳምንት አልቆዩም። ወደ ምዕራብ ወጡ። ድንች ተከሉ፣ ተዉት። ጂንጀር የምትባል መሪ በቅሎ ገዝተው ወርቅ ቆፋሪዎች ዘንድ ዱቄትና ጨው አመላለሱ። ከዚያ እዚህ ባሕሩ ዳር መጥተው ለጣሪያ ክዳን የሚሆን እንጨት የሚሰነጥቅ ፋብሪካ ተከሉ፤ እሳት በላው፤ ፍሙ ሳይጠፋ ሌላ ጀመሩ። ምክር ቤት ተመርጠው ሲገቡ ያወጡት አንድ ሕግ ስለ ጋሪ ጎማ ስፋት ነው፤ ቀጭን ጎማ መንገድ ይቆርጣል ብለው። ስብሰባውን አልወደዱትም። በተቀመጡ ቁጥር ጭናቸው ስለሚያማቸው ቆመው ነበር የሚከራከሩት። እኔ ካፒቴኑን እየወደድኳቸው መጣሁ። አውቶቡስ ላይ ስለሳቸው አስባለሁ። ቤት ገብቼ ለአስናቀች «ዛሬ ፋብሪካቸው ተቃጠለ» እላታለሁ፣ እሷም ከንፈሯን ትመጥላቸዋለች።

ቤተሰቡ ከሁሉ አስበልጦ የሚወደው ግን አንድ ታሪክ ነበር። ሚስ ዶሮቲ ከእናታቸው፣ እናታቸው ከእናታቸው የሰሙት። በካፒቴኑ ፋብሪካ የሚሠሩ ቻይናውያን ነበሩ። ያኔ በየከተማው «ሥራችንን ወሰዱብን፣ ይውጡልን» የሚል ሕዝብ ተነሥቶ ነበር። ካፒቴኑ ፋብሪካው በር ላይ ሽጉጣቸውን ይዘው ቆመው ሠራተኞቻቸውን አተረፉ ይባላል። ሚስ ዶሮቲ ይህ የሚጻፍበትን ደብዳቤ በጉጉት ነበር የሚጠብቁት።

ደብዳቤው የተገኘው በጋ ላይ ነው። መስኮቱ ተከፍቶ የጎረቤት ሣር ማጨጃ ይጮሃል። ሁልጊዜ ከማንበቤ በፊት ዓይኔን አስቀድሜ እሰዳለሁ። ያን ቀን ዓይኔ ያየውን አፌ እንቢ አለ። ካፒቴኑ የጻፈው እንዲህ ነው፦ ሕዝቡ ቻይናዎቹን ሊያባርር ሲነሣ፣ ሁከት እንዳይፈጠር ሥራውን እኔው ወሰድኩት። ጎህ ሲቀድ ቀሰቀስኳቸው። የጦር ሜዳ ካፖርቴን ለብሼ፣ አሥራ ዘጠኙን ሁለት ሁለት አድርጌ አሰልፌ ወደ ወደቡ ነዳኋቸው። ጂንጀር ጓዛቸውን ተሸክማ ሳታስቸግር ሄደች። አራት ዓመት ያበላኝ ወጥ ቤት ብቻውን ከኋላ ነበር፤ መንገድ ላይ ቆሞ ሻይ ማፍያዬን ረስቻለሁ፣ ልመለስ ብሎ ለመነኝ። ሰልፉ ይበላሻል ብዬ ከለከልኩት። አንድ ጥይት ሳይተኮስ መርከብ ላይ ወጡ። ያን ቀን ሰዉ ሁሉ እጄን ሲጨብጠኝ ዋለ፤ ለምክር ቤቱ ተወዳደር የሚሉኝም ብዙ ናቸው።

«ቀጥል እንጂ» አሉ ሚስ ዶሮቲ።

«ይህ ገጽ ውሃ ነክቶታል፣ ማዳም። አይነበብም።»

ገለበጥኩትና ስለ እንጨት ዋጋ የሚያወራውን አነበብኩላቸው።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በልቤ አንቱታውን አነሣሁበት። ለሚስ ዶሮቲ በእንግሊዝኛ ሳነብ ለውጡ አይታወቅም፤ ቤት ገብቼ ለአስናቀች ሳወራ ግን «ጻፈ»፣ «ሄደ» ስል ሰማችኝና «ምን አድርጎህ ነው?» አለችኝ። ነገርኳት።

የዋሸሁት ክፉ አስቤ አልነበረም። ደሴ አስተማሪ ሳለሁ የሠፈሩ ደብዳቤ አንባቢ እኔ ነበርኩ። ልጆቻቸው የዘመቱ እናቶች ፖስታውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይመጣሉ። ቆሰለ የሚለውን «ትንሽ አሞት ነበር» ብዬ አነባለሁ። ሞተ የሚል የመጣ ቀን «ጓደኛው ነው የጻፈው፣ ሰላም ብሏል» ብዬ ሸኝቼ፣ ከዚያ ለሽማግሌዎቹ እነግራለሁ፤ እነሱ በወጉ፣ ማለዳ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ያረዳሉ። ሰው በወሬ መሐል አይረዳም። የለመድኩት ይህን ነበር፤ እጄ ገጹን የገለበጠው በልማድ ነው። አሜሪካ ግን የሚያረዳ ሽማግሌ አልነበረኝም። ነገሩ እኔው ዘንድ ቀረ።

ሦስት ሳምንት ሰላም አጣሁ። ከአውቶቡሱ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ እወርዳለሁ፣ ረፍዶብኝ እሮጣለሁ። ሚስ ዶሮቲ «ዛሬ አነባብህ ምን ነካው? ትቸኩላለህ» ይሉኛል። ያቺን ገጽ በጃኬቴ የውስጥ ኪስ ይዤያት ነበር የምዞረው፤ መለስኳት እላለሁ፣ ሣጥኑን ስከፍት እጄ እንቢ ይላል። ልጄ ሜሮን የኮሌጅ ተማሪ ነበረች። «ሶ ዋት? ዳድ፣ ጀስት ሪድ ኢት!» አለችኝ፤ ዝም ብለህ አንብበው ማለቷ ነው። ለሷ ቀላል ነው። አስናቀች ግን ልብስ ታጥፍ የነበረውን አቆመች።

«መርዶ ይቆያል እንጂ ይቀራል እንዴ? ቅዳሜ ሄደን እንነግራቸዋለን።»

«የሞተ ሰው እኮ የለም። ሰውዬው ከሞተ መቶ ዓመት አልፎታል።»

«ለሳቸው ቅዳሜ ነው የሚሞትባቸው» አለች።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሜሮን እያዛጋች ራይድ ሰጠችንና መኪናዋን ደጃፉ ላይ ፓርክ አድርጋ ቀረች። አስናቀች ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ነጠላዋን ዘቅዝቃለች። በሩን አንኳኳሁ። ሚስ ዶሮቲ በሌሊት ልብሳቸው ከፈቱ፤ ፊታቸውን አዞሩና የአስናቀችን ነጠላ በዓይናቸው ዳር አገኙት።

«ማን ሞተ?» አሉ።

እንዴት እንደገባቸው አላውቅም። ገብተን አስቀመጥናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያጉረመርሙ ተቀመጡ። ገጹን ከኪሴ አውጥቼ፣ ውሃ እንዳልነካው፣ የዋሸሁት እኔ እንደሆንኩ ነግሬ፣ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። «ሻይ ማፍያ» የሚለው ላይ ሁለት ጊዜ ቆምኩ። ስጨርስ አስናቀች «እግዜር ያጽናዎት» አለች በአማርኛ።

«ምን አለች?»

«እግዜር ያጽናዎት አለች፣ ማዳም።»

ፊታቸውን ወደ ጎን አዞሩ። ከዚያ «ምን ያህል ጊዜ ይዘኸው ቆየህ?» አሉኝ።

«ሦስት ሳምንት።»

«ሦስት ሳምንት ዓይኔ ሲዋሸኝ ከርሟል ማለት ነው። ውጣልኝ።»

ተነሣሁ። አስናቀች አልተነሣችም። «እሺ፣ እንሂድ» አልኳት። «ሰው ለቅሶ ቤት ጥሎ ይሄዳል?» ብላኝ ወደ ማድ ቤት ገባች። የማታውቀው ቤት ውስጥ ቁም ሣጥን ስትከፍት ስትዘጋ ይሰማል። ሻይ አፍልታ መጣች፣ ጎናቸው ተቀመጠች፣ እጃቸውን ያዘች። በእንግሊዝኛ ከ«ሶሪ» በቀር የምትለው አልነበራትም። እኔ ውጭ መኪና ውስጥ ከሜሮን ጋር ሁለት ሰዓት ጠበቅኳት።

ሰኞ ኤጀንሲው ኮል አደረገና ሌላ ሰው እንደተመደበላቸው ነገረኝ። እኔን ወደ አንድ ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን የሚያይ ሽማግሌ ላኩኝ። አሥራ አንድ ቀን እዚያ ተቀመጥኩ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሚስ ዶሮቲ ራሳቸው ደወሉ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። «አዲሷ ልጅ ማንበብ አትችልም። ነገ ና። ግን ከእንግዲህ አንዲት ነጥብ ብትዘል ለፖሊስ ነው የምነግረው።» መጽሐፏን በሁለት ወር ጨረስናት። ያቺን ገጽ እንዳለች አስገቧት፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ። ብራያን ሲሰማ ጮኸ። «አክስቴ፣ ሰው የገዛ ቤተሰቡን እንዲህ ያዋርዳል? እንዲያው ማን ጠየቀሽ?» አለ። ወደ እኔ ዞሮም «ይህን ያመጣኸው አንተ ነህ» አለኝ፤ የኤጀንሲውን ውል የሚፈርመው እሱ እንደሆነም አስታወሰኝ።

ዘጠናኛ ልደታቸው ሾርላይን አንድ አዳራሽ ውስጥ ተከበረ። አርባ የሚሆን ዘመድ መጥቷል። ሴቶቹ የሚያብረቀርቅ ሹራብ፣ ወንዶቹ ካኪ ሱሪ፣ ጠረጴዛው ላይ ሳልመን አሣና ነጭ ኬክ። ሚስ ዶሮቲ ኬኩ ከመቆረጡ በፊት በትራቸውን ወለሉ ላይ መቱና «አሁን ስለ ካፒቴኑ ይነበባል» አሉ። እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። ብራያን «እኔ ላንብበው፣ አክስቴ፣ ታትሟል እኮ» አለ። «አንተ ትዘላለህ። እሱ መዝለል ምን እንደሚያስከፍል ያውቃል» አሉት።

ሠላሳ ዓመት ክፍል ፊት ቆሜያለሁ፤ እንዲህ ያለ ክፍል ግን ገጥሞኝ አያውቅም። በዚህ ቅላጼዬ፣ የሰው ቅድመ አያት ወንጀል፣ በገዛ ልደታቸው። አነበብኩት። ጦርነቱ ላይ ዘመዶቹ ፈገግ አሉ፣ በቅሎዋ ላይ ሳቁ፣ ወደቡ ጋ ስደርስ የሹካው ድምፅ ቆመ። ብራያን ካፖርቱን አንሥቶ ወጣ። ሁለት ሴቶች ተከተሉት። እስከ መጨረሻው አነበብኩ። ማንም አላጨበጨበም። ከዚያ አንድ ሽማግሌ፣ የሚስ ዶሮቲ የአክስት ልጅ፣ ከኋላ ሆነው «የወጥ ቤቱ ስም ማን ነበር?» ብለው ጠየቁ።

ሚስ ዶሮቲ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ሦስቱን ሣጥን በቃሌ አውቀዋለሁ። የበቅሎዋ ስም አለ፣ የሁለት ፈረሶች ስም አለ፣ የአንድ ውሻ ስም አለ። ከአሥራ ዘጠኙ ሰዎች የአንዱም ስም የለም።

«አልተጻፈም» አልኩ።

«ፈልገዋ» አሉ ሚስ ዶሮቲ።

ብራያን እንዳስፈራራኝም ውሌ አልታደሰም። እኔ ግን ረቡዕ ረቡዕ፣ ከሌላው ሥራዬ እረፍቴ በሆነች ቀን፣ ወደ መዛግብት ቤት መሄድ ጀመርኩ። ጓንት ይሰጣሉ፣ እርሳስ እንጂ ብዕር አያስገቡም። የመርከቡ መዝገብ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። የድሮ ጋዜጦች የተነሡበትን ፊልም ዓይኔ እስኪያብጥ አዞርኩ። ሚስ ዶሮቲ በዚህ መሐል ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረና ሬንተን አንድ መጦሪያ ገቡ፤ ከአልጋ መነሣት ቀረ። በየሳምንቱ ያላገኘሁትን እነግራቸዋለሁ። ዓመት ሊሞላን ሲል፣ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ በሄድኩባት አንዲት ማክሰኞ ያገኘሁት ከማላስበው ቦታ ነው፤ የፋብሪካው ሠራተኞች ያድሩበት የነበረ ቤት የሕዝብ ቆጠራ ዝርዝር። ጸሐፊው በጆሮው የሰማውን እንደመሰለው ጽፎታል። ከስሞቹ አንዱ አጠገብ «ወጥ ቤት» ይላል። ስሙ «አህ ሰን»።

እየሮጥኩ ነው የሄድኩት። ከዚያ በኋላ ሚስ ዶሮቲ ሁለት ሳምንት እንኳ አልቆዩም፤ ያን ቀን ግን ድምፃቸው እንደ ድሮው ነበር። «አህ ሰን» አሉ። ደጋገሙት። ከሰዓቱን ሙሉ ጣራውን እያዩ ሲለማመዱት፣ መድኃኒት ልትሰጥ የገባች ነርስ ቆም ብላ አዳመጠቻቸው። ሜይ ትባላለች፤ አያቶቿ ከካንቶን የመጡ ናቸው።

«ማንን ነው የምትጠሪው፣ ዶሮቲ?» አለቻቸው። ነገሩን አስረዳኋት። ወረቀቱን አየችና ራሷን ነቀነቀች።

«‹አህ› እኮ ስም አይደለም። ሰውን ሲጠሩት ከፊት የሚያስገቧት ናት። አያቴ እኔን ‹አህ ሜይ› ነበር የምትለኝ። ይህ አሠሪው የሚጠራበት ነው። የቤተሰቡ ስም የለበትም።»

ሚስ ዶሮቲ ፊታቸውን አዙረው በዓይናቸው ዳር ፈለጉኝ።

«እንግዲያው አላገኘነውም» አሉ።

«አላገኘነውም።»

«ነገ ረቡዕ ነው?»

«አዎ፣ ማዳም፣ የመዛግብት ቤቱ ቀን።»

«ጫማዬን አምጣልኝ።»

ሜይን አየኋት፤ ትከሻዋን ነቀነቀች። ከቁም ሣጥኑ ሥር ቡናማ ጫማቸውን አወጣሁ። ለወራት መሬት ያልረገጠ ነጭ፣ ቀላል እግራቸውን ይዤ አንድ በአንድ አደረግሁላቸው፣ ማሰሪያውን አጠበቅሁ። አልጋውን ከበስተራስጌው ቀና አደረግንላቸው። እራት እስኪመጣ ድረስ ጫማቸውን እንዳደረጉ፣ ብርድ ልብሱን ገፍተው፣ ለመነሣት እንደተዘጋጀ ሰው ጠበቁ።